በቁም ሳጥን ውስጥ የጠወለገው

ተክሉን ያገኘሁት ካልሲ ልለቅም ገብቼ ነው።

ልጄ የታጠበውንም ያልታጠበውንም አልጋው ሥር ነው የሚወረውረው። ሃያዎቹ ውስጥ የገባ ጎረምሳ ነው፤ ካልሲውን ግን እስከ ዛሬ የምለቅመው እኔ ነኝ። የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፤ በሰው አገር፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ የሚንጫጫበት ቤት። እኔ ቢሮ አጸዳለሁ። ባለቢሮዎቹ ሳይመጡ ገብቼ፣ እነሱ ሲመጡ እወጣለሁ፤ ረፋድ ላይ ቤቴ ነኝ። እሱ ከሰዓት በብስክሌቱ ምግብ ሊያደርስ ይወጣና ሲመሽ ይመለሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቤቱ የእኔ ብቻ ነው። በእኛ አገር እናት የልጇን በር አታንኳኳም። ኧረ እኔ ያደግኩበት ቤት በርም አልነበረውም፤ መጋረጃ ነበር። ከፍቼ ገባሁ።

ጎንበስ እንዳልኩ በቁም ሳጥኑ በር ሥር ብርሃን አየሁ። ወይን ጠጅ ብርሃን። እሳት መስሎኝ በሩን በረገድኩት።

ልብስ የለም። ውስጡ በሙሉ ምግብ በምንጠቀልልበት በዚያ በሚያብረቀርቅ ፎይል ተለብጧል። ከላይ መብራት ተንጠልጥሏል፤ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቬንትሌተር እንደ ዝንብ ጥዝዝ እያለች ትዞራለች። መሃል ላይ፣ በእርጎ ባልዲ ውስጥ፣ አንድ ተክል ቆሟል። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ቅጠሉ ጣቶቹን የዘረጋ እጅ ነው።

ያንን ቅጠል ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እዚህ አገር ካናቴራ ላይ፣ ካልሲ ላይ፣ ላይተር ላይ ስለውት ገበያ ላይ ይሸጣል። እኔ ግን ያወቅኩት ከገበያ አይደለም። ሽታው ሲመጣ፣ ያ የሎሚ ልጣጭና የአውሬ ላብ የተደባለቀበት የሚመስል ሽታ፣ ታላቅ ወንድሜ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ማንም የለም። በሩን ቀስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት፤ ካልሲውንም ሳላነሳ ወጣሁ።

ስለ ወንድሜ ልጄ ብዙ አያውቅም። «አጎትህ በወጣትነቱ ሞተ» ብዬዋለሁ። መሞቱን ግን እኔም አላውቅም።

አዲስ አበባ፣ በእናትና አባቴ ግቢ፣ ከጌሾው ጀርባ አጥሩ ሥር ሐሺሽ ተክሎ ነበር። ሬድዮ የሚጠግን፣ የሰፈር ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ቀልደኛ ልጅ ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ቤት ነው የምውለው፤ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ። መጀመሪያ የሄደው አንገቱ ነው። ጭንቅላቱ የከበደው ይመስል ወደ ደረቱ ይወድቅ ጀመር። ከዚያ እንቅልፉ ሄደ። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ከውጭ ሲመለስ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ይቆምና «ማነው የገባው?» ይላል።

«ማንም አልገባም» እንለዋለን።

«ትራሴ ተነክቷል። እርጥብ ነው።»

«ማንም አልነካውም።»

በመጣ ቁጥር ይጠይቃል፤ በጠየቀ ቁጥር ማንም እንለዋለን። ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። በቃ፣ አበቃለት ተባለ።

አንድ ጠዋት አባቴ ተክሎቹን ከነሥራቸው ነቅሎ ግቢው መሃል አቃጠላቸው። ወንድሜ አልጮኸም። ደጃፉ ላይ ቆሞ እሳቱ እስኪከስም አየ። ከዚያ ተቀመጠና የጫማውን ክር አሰረ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀስ ብሎ። ወጣ። በዚያው ቀረ። አየሁት ያለ ሰው አልተገኘም፤ ሬሳም አልተገኘም። እናቴ ለቅሶ ሳትቀመጥለት፣ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስትል፣ የራቱን ድርሻ እየከደነች ኖራ ሞተች።

ለዚህ ነው መንቀል ያልቻልኩት። ሌላ እናት ብትሆን ጎትታ አውጥታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትከተው ነበር። እኔ እጄን ስዘረጋ የሚታየኝ የጫማ ክር ነው። ዝም ብሎ መተኛትም አልሆነልኝም። ቤቱ የካውንስል ነው፣ የቀበሌ ቤት እንደ ማለት፤ አንድ ቀን ጋዝ ቼክ ሊያደርግ የመጣ ሰው ሽታው ቢደርሰው ከነጓዛችን ሜዳ ላይ ነን። እሱ ግን ትንሹ ፍርሃቴ ነበር። ትልቁ ፍርሃቴ፣ ልጄ ከሥራ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሜ አንገቱን ማየቴ ነው። ቀና ብሎ ከገባ «ተመስገን» እላለሁ። ስልኩን እያየ ከገባ፣ ስልኩን ስለሚያይ ነው እላለሁ፤ ልቤ ግን አያምነኝም።

ዕቃ ማጠቢያው ሥር ጠበል አለኝ። ያመጡልኝ የልጄ ክርስትና እናት ናቸው፤ ክላፋም የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሴት። ቢጫ ጀሪካን ነው። ሊያልቅ ሲል የቧንቧ ውሃ እጨምርበታለሁ። ጠበል ላይ የተጨመረ ውሃ ጠበል ነው ሲባል ነው ያደግነው፤ ስለዚህ እኔ ቤት ጠበል አልቆ አያውቅም። እኔ አልነቅለውም አልኩ በልቤ። ፈጣሪ ከነቀለው ይንቀለው።

ልጄ ከወጣ በኋላ በሻይ ብርጭቆ እቀዳለሁ። በስመ አብ ብዬ፣ አማትቤ፣ ሥሩ ላይ አፈሳለሁ። ብርጭቆውን አጥቤ እደፋለሁ። መግባቴ እንዳይታወቅ ምንጣፉ ላይ የእግሬን ዱካ ሳይቀር በእጄ አብሼ ነው የምወጣው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ወፈረ። አንድ ቀን ቆሜ አየሁትና «የጌታን ውሃ ጠጥተህ ጭራሽ ታምርብኛለህ?» አልኩት፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ከፎይሉ ተመልሶ ሲመጣ የእኔ አልመሰለኝም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ስከፍት ተክሉ ቤት ቀይሯል። የእርጎው ባልዲ የለም። ትልቅ ጥቁር ባልዲ ውስጥ ተዛውሮ፣ አዲስ አፈር ተሞልቶለት፣ አፈሩ በቡጢ ተጠቅጥቋል። የልጄ የእጅ አንጓዎች ምልክት ይታያል። ሕፃን ሆኖ ሊጥ ላይ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ባልዲው ስለሰፋ እኔም እጄን አሰፋሁ፤ ብርጭቆው ቀረና በጣሳ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ጠወለገ።

ቅጠሎቹ ሁሉ ወርደዋል። ቢጫ አልሆኑም፣ አልደረቁም። አረንጓዴ እንደሆኑ፣ ከግንዱ ላይ እንደተሰጣ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሠራ አልኩ። እልል ማለት አማረኝ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ተውኩት። ከዚያ ጫፉን አየሁት። ጫፉ ታጥፎ ወደ ራሱ አቀርቅሯል። ያንን አንገት አውቀዋለሁ።

በዚያው ዕለት ልጄ ሲገባ ቦርሳውን በሩ ሥር ጣለ። ምግብ አቀረብኩ፤ አልነካውም። ጭንቅላቱን በመዳፉ ደግፎ ጠረጴዛውን ያያል።

«አሞሃል?»

«ደክሞኝ ነው ማሚ።»

ብዙ ሰው ጠበል ሲጠመቅ አይቻለሁ። መንፈስ ሲለቅ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ሰውየውን መሬት ላይ ጥሎት ነው የሚወጣው። ተክሉ ሲወድቅ ልጄም አብሮ ከወደቀስ? ሁለቱን አንድ ላይ አስሬያቸው ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ በኋላ አልወጣ አለኝ። የቢሮ መስታወት ስወለውል እንኳ ከመስታወቱ ወዲያ ያቀረቀረ ሰው ቆሞ ያየኝ ይመስለኛል። ያ ተክል ይሙት ብዬ ስለምን የከረምኩት ሴት፣ ቀና እንዲል መለመን ጀመርኩ።

ለክርስትና እናቱ ደወልኩ። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ጤና አዳምም በሶብላም ያበቅላሉ።

«ጤና አዳሜ ጠወለገብኝ» አልኳቸው።

«ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል?»

«የለም፣ አረንጓዴ ነው። ግን ወርዷል።»

«ስትነኪው ይንኮሻኮሻል ወይስ ልፍስፍስ ይላል?»

«ልፍስፍስ ይላል።»

«በቅርቡ አዛውረሽዋል?»

«አዎ፤ ትልቅ ባልዲ ውስጥ።»

«እንግዲያውስ አኩርፏል። ከቤቱ ሲያስወጡት የማያኮርፍ ማን አለ? እኔን ከዚያኛው ፍላት ወደዚህኛው ሲያመጡኝ ስንት ጊዜ አኮረፍኩ። ተይው፣ ራሱ ይታረቅሻል። ውሃ ብቻ አታብዢበት።»

«እ... እሺ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነው የምታጠጪው?»

«በየቀኑ... ትንሽ ትንሽ።»

«ጤና አዳም በየቀኑ? ዳክዬ ነው እንዴ? ሥሩን እኮ አሰጠምሽው! እስቲ ባልዲውን አንሺው፤ ከከበደሽ ውሃ ነው። ከሥር ቀዳዳ አለው?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ደህና አድርጌ አላየሁትም» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

ቴሌቪዥናቸው ብቻ ይሰማል።

«ጤና አዳም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ብርዱን ፈርቼ...»

«በዚህ ሙቀት?» አሉ። «ያ የክርስትና ልጄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው እማማ።»

«እሺ። እንግዲህ ጤና አዳሙን ለባለቤቱ ጠይቂው» አሉና ዘጉት።

ሄጄ ባልዲውን ላነሳ ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። ውሃ እንደሞላ እንስራ ነው። አፈሩን በጣቴ ወጋሁት፤ ጣቴ ጭቃ ይዞ ወጣ፣ ጭቃውም ረግረግ ረግረግ ይሸታል። እንግዲህ ውሃ ነው። ጋኔንም አይደለ፣ ተአምርም አይደለ። ሊቀለኝ ይገባ ነበር። ጣሳውን እንደያዝኩ፣ ላፍስ አላፍስ እያልኩ ቆሜ ቆሜ፣ ሳላፈስ ወጣሁ።

በማግስቱ ልጄ ሥራ አልነበረውም። ወጥ ቤት ሻይ እየጠጣ ነው፤ እኔ ድስት አጥባለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

«ማሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ አባቴ።»

«ሰው ሲያብድ ራሱ ያውቀዋል?»

ድስቱን ለቀቅኩት።

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ዝም ብዬ።» ከዚያ ዝም ማለት አልቻለም። «አንድ ነገር አለ። ማጠጣት የሌለብኝ ነገር። አላጠጣሁትም። ቼክ ሳደርገው ግን እርጥብ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አይ ስዌር ማሚ፣ እኔ አይደለሁም። ወይም እኔ ነኝ። እንቅልፍ የለኝም ታውቂያለሽ፤ ምናልባት ተነስቼ አጠጥቼው፣ ከዚያ እረሳዋለሁ። ሰው እንደዚህ ይረሳል?»

«ምንድነው የምታጠጣው?» አልኩ፤ የማላውቅ መስዬ።

«እሱን ተይው። ሌላም አለ። ክፍሌ ሰው የሚገባ ይመስለኛል። ዕቃው አይጠፋም፣ ምንም አይጠፋም። ብቻ ሰው ገብቶ የወጣበት ይመስላል።» ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «አንቺ አልገባሽም አይደል?»

«ማንም አልገባም» አልኩት።

የእናቴ ድምፅ ነው። ከእኔ አፍ የወጣው የእናቴ ድምፅ ነው፤ ቃሉም የእሷ፣ ፍጥነቱም የእሷ።

«እሺ» አለ ልጄ፤ ጭንቅላቱም ቀስ ብሎ ወደ ሻዩ ወረደ።

ያኔ ነው ያየሁት። ያ ሁሉ ዘመን ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ሳላየው የኖርኩት ነገር። እናቴ ነበረች የምትገባው። ወንድሜ ሲወጣ ጠብቃ፣ ጣሳዋን ይዛ፣ መጋረጃውን ገልጣ ትገባለች፤ አልጋውን፣ ትራሱን፣ ጫማውን ጠበል ትረጫለች። እኔ ደጃፉ ላይ አሻንጉሊቴን ይዤ ቆሜ አያታለሁ፤ እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ለእኔ የቤት ሥራ ነበር፤ እንደ መጥረግ፣ እንደ ማንጠፍ። ትራሱ እርጥብ ነበር። ወንድሜ እርጥብ ነው ሲል እርጥብ ነበር። ሰው ገብቷል ሲል ሰው ገብቶ ነበር። የታመመው ታሞ ይሆናል፤ ሐሺሹም የሚያደርገውን አድርጎት ይሆናል። ግን የገዛ ዓይኑና እጁ እውነቱን ሲነግሩት፣ እኛ የምንወደው ሁላችን ቆመን፣ ዓይንህም እጅህም ይዋሻሉ አልነው። እናቴ ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው። በፍቅር ነው የረጨችው።

የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ከፈትኩ። ጀሪካኑን ጎትቼ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ውሃው። ክፍልህ የምገባው እኔ ነኝ። አላበድክም። የምታየው እውነት ነው።»

ጀሪካኑን አየ። እኔን አየ።

«ቁም ሳጥኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በእርጎው ባልዲ ከነበረ ጀምሮ።»

«ይሄ ምንድነው?»

«ጠበል።»

«ሆሊ ዋተር? ዊድ ላይ?» ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተበላሸ። «ማሚ፣ እኔ እኮ ጂፒ ጋ፣ ሐኪም ጋ ልሄድ ነበር። አብጃለሁ ልላቸው ነበር። ተኝቼ ስነቃ እጄን ነበር የማየው፣ ጭቃ እንዳለው። ታውቂያለሽ ያ ምን ማለት እንደሆነ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለ።

ተነሳ። በሩ አጠገብ ተቀመጠና የጫማውን ክር አሰረ። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አትሂድ ልል ነበር፤ አፌን ስከፍት ተነስቷል። በሩ ተዘጋ። ብስክሌቱ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ስልኩም ጠረጴዛው ላይ ነው።

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። የድሮዎቹን ቤቶች አፍርሰው ረጃጅሞቹን የሚሠሩት ክሬኖች ይዞራሉ። ታች መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ከዚያ ሁሉ አንገት መሃል የእሱን ፈለግኩ፣ አጣሁት። አንድ ባቡር አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ ወይን ጠጁ ብርሃን እስከ ኮሪደሩ ይደርሳል። ገብቼ ያንን ተክል ላይ መጮህ አማረኝ፤ ገብቼ አልጋው ላይ መተኛትም አማረኝ። አልገባሁም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሻዩ ሲቀዘቅዝ፣ ከላዩ ስስ ቆዳ ሲይዝ አየሁ። እንዳትደፊው የሚል ነገር ያዘኝ፤ ብደፋው የማይመለስ መሰለኝ። በሰሃን ከደንኩት። ከከደንኩት በኋላ እናቴ ምን ስታደርግ እንደኖረች ገባኝና ሰሃኑን አንስቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ የጎረቤት ነው። ደግሞ ሰማሁ፤ አለፈ። ከዚያ ቁልፍ ተሽከረከረ።

ትከሻው ላይ የአፈር ጆንያ ተሸክሟል። ላቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ጋዜጣ አለሽ?» አለኝ።

የምናነበው ጋዜጣ የለንም፤ ባቡር ላይ በነፃ የሚሰጠውን ለመስኮት መወልወያ አጠራቅማለሁ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አነጠፍኩ። ባልዲውን እያቃሰተ ተሸክሞ አመጣ። አንድ መስሎኝ የነበረው ባልዲ ሁለት ነው፤ ቀዳዳ ያለው፣ ቀዳዳ በሌለው ሌላ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል፣ ምንጣፉን እንዳያበላሽ ብሎ። የውስጠኛውን ሲያነሳው ከታች ውሃው ተንቦጫቦጨ። ቡናማ፣ የሚሸት ውሃ፣ እስከ ክንድ የሚያጠልቅ።

«ጠበልሽ ይኸው» አለኝ።

ያፈሰስኩት ሁሉ እዚያ ቆሟል።

«ያዢልኝ» አለ። ግንዱን ያዝኩ። ስነካው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ መዳፌ ላይ እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ልጄ አፈሩን በጣቱ እየፈለፈለ ሥሩን ገለጠ። ነጭ መሆን ነበረበት አለኝ፤ የተቀቀለ የሻይ ቅጠል መስሏል። እዚህም እዚያም ግን ክር ክር የሚያህል ነጭ ቀርቷል።

«ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው» አለ። «ስጠቀጥቀው አብዝቼዋለሁ። ሥር መተንፈስ አለበት። ውሃ ውስጥ ሲቆም መጠጣት ያቆማል። ስታዪው ውሃ የጠማው ይመስልሻል፤ ትጨምሪለታለሽ፤ ይብስበታል።»

«ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማዋል?»

«አዎ።»

የበሰበሰውን በመቀስ እየቆረጠ ጋዜጣው ላይ ያስቀምጣል። እጁ አይንቀጠቀጥም። የተዛወረ ተክል ጥቂት ቢያቀረቅር ደንብ ነው፣ ራሱ ይነሳል አለኝ፤ ክርስትና እናቱ ያሉትን ነው የደገመልኝ፣ ሳያውቅ።

«ለምንድነው የምታጨሰው?» አልኩት። በአማርኛ እንደዚያ በግልጽ ጠይቄው አላውቅም።

«ለእንቅልፍ። ደረጃው ሥር ከሚቆሙት መግዛት ስላልፈለግኩ ነው የተከልኩት። እነሱ አንዴ ካወቁሽ አይለቁሽም።» ዓይኑን ከሥሩ ላይ አላነሳም። «ፖሊስ ፈርተሽ ነው?»

«ፖሊስም እፈራለሁ። ካውንስልም እፈራለሁ። ሌላ ሰው ግን ነበር» አልኩና፣ ግንዱን እንደያዝኩ፣ ስለ ወንድሜ ነገርኩት። ሬድዮውን፣ ጌሾውን፣ እሳቱን፣ የጫማውን ክር። ትራሱን ስነግረው መቀሱ ቆመ።

«እርጥብ ነበር?»

«እርጥብ ነበር።»

«ማንም አልነገረውም?»

«ማንም።»

አዲሱን አፈር በሁለት እጁ እየዘገነ፣ አሁን ሳይጠቀጥቅ፣ ሥሩ ዙሪያ ያፈሰዋል።

«ሻዬስ?» አለ ድንገት።

«ምኑ?»

«ሻዬ ውስጥ ታደርጊያለሽ?»

ግንዱን አጥብቄ ያዝኩ።

«ማሚ።»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትምህርት ቤት ከገባህ ጀምሮ።»

ሳቀ። አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ። «ለዚህ ነዋ ሻይሽ ጀሪካን ጀሪካን የሚለው! እኔ እኮ የኢትዮጵያ ሻይ እንደዚህ ነው ብዬ ለሰው ስናገር ነው የኖርኩት።» ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ፊቱ ላይ የጭቃ መስመር ቀረ። «ሻዩን ቀጥዪ» አለኝ። «ግን ንገሪኝ። እኔ ላይ የምታደርጊውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ነግሬዋለሁ እላለሁ፤ እስካሁን ያልነገርኩት የለም።

የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ረገፉ። ላይኞቹ ቆይተው ጥቂት ቀና አሉ፤ ይህን የማውቀው እሱ ጠርቶ ስላሳየኝ ነው። «ይሄን ብቻ፣ ከዚያ በቃኝ» ብሎኛል። ወንድሜም እንዲሁ ብሎ ነበር። ተክሉ ቀና ሲል ደስ ያለኝ መሆኑን ሳስብ እፈራለሁ፤ ቀና ባይልም ኖሮ እፈራ ነበር። ሲገባ አንገቱን ማየት አልተውኩም። ጋዝ ቼክ የሚያደርገው ሰው ገና አልመጣም።

ዛሬ ረፋድ ከሥራ ስመለስ ሻይ አፈላሁና ይዤለት ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። እጄ በልማዱ እጀታውን ያዘ። ለቀቅኩት፤ አንኳኳሁ።

ብርጭቆው ሰሃኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ባቡር ግን አላለፈም።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እናትህ። ሻይ ይዤ ነው። ጠበል አለበት።»